የኩኩ ወንዝ ዳር ሰፈር

«እንዳትነኪው! ቀለሙ ገና አልደረቀም» ብላ ጮኸች ኩኩ።

ሀምዳ እጇን ሰበሰበች። ዓይኗን ግን መሰብሰብ አልቻለችም። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋ ሰፊ ካርቶን የሎጊያ ወንዝ በሰማያዊ ቀለም ተስሏል፤ ዳሩን ይዘው ከካርቶን የተሠሩ ነጫጭ ቤቶች ተደርድረዋል። ጎርፍ እንዳይደርስባቸው እግር አላቸው። ጣሪያቸው ድርብ ነው፤ የላይኛው የሰመራን ፀሐይ ይከላከላል፣ በመሀል ንፋስ ይሽሎከሎካል። የመሀለኛው ቤት ደግሞ የጉድ ነው! ከሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጠ ሰፊ መስኮት፣ እስከ ውሃው የሚዘልቅ በረንዳ፤ ኩኩ እንቅልፏን ያጣችው በእሱ ነው።

«ማሻአላህ! ኩኩዬ፣ ተጠበብሽበት እኮ! የመሀሉ የኔ ነው፤ ማንም እንዳይገባብኝ» አለች ሀምዳ።

ኩኩ ፈገግታዋን መደበቅ አቃታት። የትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን አሸናፊ ክረምቱን ከአርክቴክቶች ጋር እየሠራ ያሳልፋል። አባቷ በመንግሥት ሥራ ተቀይሮ ከደብረ ብርሃን ወደ ሰመራ ካመጣት ጀምሮ እንደዚህ የተመኘችው ነገር የለም።

ሀምዳ ጎንበስ ብላ ቤቶቹን ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ከዚያ የጎደለ ነገር እንደምትፈልግ መልሳ ቃኘቻቸው።

«ምነው? ምን ጎደለ?»

«ምንም… ግመሎቹ በየት ነው ወደ ውሃው የሚወርዱት?»

«የምን ግመል? ዘመናዊ ሰፈር እኮ ነው!»

«እና ዘመናዊ ሲሆን ውሃ አይጠማም?» ሀምዳ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «አጎቴ ግመሎቹን የሚያወርደው በዚያ ነው። እኛ ጋ ውሃን በአጥር መዝጋት ነውር ነው። ደግሞ እዚያ የተገናኘ ሰው ዳጉ ሳይለዋወጥ አያልፍም፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደች፣ ሁሉም ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። አንቺ መንገዱ ላይ ሳሎን ሠራሽበት።»

የኩኩ ፊት ጋለ። ቦታውን ያጠናችው ከድልድዩ ላይ ቆማ ነው፤ አንድም ቀን ወደ ዳሩ አልወረደችም። ፎቶ ልታነሳ ስትል ግመሎች መጥተውባት ነበር። እሷ ምን አደረገች? ፎቶዬን ያበላሹብኛል ብላ እስኪያልፉ ጠበቀች!

መምህር ባፈና በበሩ ብቅ አሉ። «ልጆች፣ ተዘጋጁ! ዳኞቹ ግቢ ገብተዋል።»

ኩኩ ምላጩን አነሳች።

«አበድሽ እንዴ?» ሀምዳ ክንዷን ያዘቻት። «የሚወዱልሽ እኮ የመሀለኛውን ቤት ነው! በቃ የዳሩን ቤት አንሺ፤ መንገዱ በየት እንደሆነ ማን ያውቃል?»

«አንቺ ታውቂያለሽ። መንገዱ በየት በኩል ነው?»

«በመሀል» አለች ሀምዳ ቀስ ብላ።

ኩኩ የምትወደውን ቤት ከእግሩ ቆረጠችው። ከሥሩ ያለው ካርቶን አብሮ ተላጠና በቤቶቹ መካከል አስቀያሚ ባዶ ቦታ ቀረ። የሚሸፍነው ወረቀት አጠገቧ ነበር፤ አልነካችውም።

ዳኞቹ መጥተው ጠረጴዛውን ሲከቡ ጣቷን ባዶው ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ከዚህ ልጀምር» አለች።