የጉደታ ወተት

ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ጉደታን አላገባም። እኔ አግብቼዋለሁ። ሰው ሲጠየቅ እሺ ወይም እንቢ ይላል፤ የእኔ ባል ፈገግ ይላል። ፈገግታው ደግሞ ስለሚያምር በምን ተናድጄ እንደነበር ያስረሳኛል። ምን ይሉት አመል ነው?

የተገናኘነው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር በነበረ ማተሚያ ቤት ነው። እኔ የተቀጠርኩት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ የእርሳስ ፊደል ከሳጥን እየለቀምኩ ቃል እደረድራለሁ። እሱ ከጎናችን ባለው ክፍል ያረጀውን ፊደል በትልቅ የብረት ድስት ያቀልጣል። በመካከላችን በር ቢኖርም ተዘግቶ አያውቅም። ጭሱ የሚውለው እኛ ጋ ነው።

ረፋድ ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ኩባያ ወተት ይታደላል። ወተት እርሳሱን ከሆድ ያጥባል ይባላል። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን አምነን እንጠጣለን። በመጀመሪያ ቀኔ ወተቱ እኔ ጋ ሳይደርስ አለቀ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የወተት ሽታ ያቅለሸልሸኛል፤ በሆዴ ተመስገን አልኩ። ይሄኔ ቱታ የለበሰ ረጅም ሰው መጥቶ የራሱን ኩባያ አስያዘኝ።

«ያንተስ?» አልኩት።

«አንቺ ጠጪ።»

ዓይኑን አየሁት። አልጠጣም ማለት ነበረብኝ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠጣሁት።

በማግስቱ የራሴ ወተት ደረሰኝ። እሱም የእሱን ይዞ መጣ።

«ደርሶኛል እኮ።»

«ሴት ልጅ ይበልጥ ያስፈልጋታል። ለድስት ሠራተኛ ሌላ ይጨመርለታል፤ አታስቢ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ሁለት ኩባያ። ለሌላዋ በፍቅር ግጥም ይጻፍላታል፤ እኔ በፍቅር ወተት ጠጣሁ።

ስንጋባ ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ነበር። ሲግናል አካባቢ በአንድ ወንድም ሳሎን፣ መጋረጃ ተዘግቶ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ ዳሩን። ሙሽራ በሹክሹክታ ስትዳር አስቡት። ጉደታ ግን ያን ቀን እጄን አልለቅም ብሎ ዋለ፤ ቅር ያለኝን ሁሉ ተውኩለት።

በዓመቱ አረገዝኩ። ሆዴ ሳይገፋ ጽንሱ ወረደ። ቀጥሎ ያረገዝኩትም እንደዚያው ሆነ። በእኛ ዘንድ እርግዝና እስኪታይ ድረስ አይወራም፤ የወረደ ደግሞ ጨርሶ አይወራም። ጀሪካን ስለተሸከምኩ ነው ብዬ ራሴን ከሰስኩ። አማቴ እማማ ጫልቱ ከነቀምት መጥተው ሲሰነብቱ ለእኔ «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉኝ። ለልጃቸው በኦሮምኛ የነገሩትን ግን በሚገባ ሰማሁ። ይቺን ተዋትና አገርህ ግባ ነው የሚሉት።

ጉደታ ምን መለሰ? ፈገግ አለ። በእጄ የያዝኩትን ሰሃን ያልወረወርኩት የሰው እቃ ስለነበር ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ፊቱን ማጥናት ጀመርኩ። ሊተወኝ ነው ወይስ አይተወኝም? ሆዱን እየቆረጠው ራቱን ሲተው «ታመህ ነው?» እለዋለሁ፤ «ደህና ነኝ» ይላል። ከሥራ ሲመጣ በቱታው አቧራ እንደተሸፈነ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ረፋድ ላይ ወተቱን ለእኔ ማምጣት ግን አንድም ቀን አይረሳም።

ለሦስተኛ ጊዜ ሳረግዝ ለእሱም አልነገርኩትም። ይሄም ቢወርድ ጓዙን ይጠቀልላል ብዬ ፈራሁ። ብቻዬን ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር አገርነሽ እጄን ገልብጣ ጥቁር ጣቴን አየችው።

«የት ነው የምትሠሪው?»

እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኳት።

«እርሳስ ጽንስ ያስወርዳል። ባልሽስ?»

«እሱማ የሚያቀልጠው ነው። ግን ወተት እንጠጣለን።»

«ወተት ምግብ ነው እንጂ እርሳስ አያወጣም፤ ማን ነው እንዲህ ያላችሁ? ወንዱንም ይጎዳዋል። ከዚያ ክፍል ውጪ።»

በማግስቱ ምሳ ላይ አብራኝ ፊደል ለምትለቅመው ለእታገኝና ወተት ለምታድለው ለአሳየች አወራኋቸው። እታገኝ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። የእሷም ወርዶባት ያውቃል፤ ከጎረቤት ስለተጣላሁ ደንግጬ ነው ብላ ነበር። አሳየች ደግሞ የእሷ ሲወርድ ቡዳ ነው ብላ ቤት ቀይራለች። አንድ ጭስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ውለን፣ ለየብቻችን ስናለቅስ ኖረናል። ከማዘኔ በፊት ተናደድኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች አሳየች። «ሂጂ ለከበበ ንገሪው።»

እርጉዝ ሠራተኛ ወደ ወረቀት ማጣጠፊያ ክፍል ትዛወራለች የሚል ደንብ አለ። ኃላፊያችን ጓድ ከበበ ሆዴን ከላይ እስከ ታች አየው።

«በምን አውቃለሁ? ሲታይ እናዛውርሻለን።»

«እስኪታይ አይቆይልኝም፣ ጓድ።»

«ደንብ ነው።»

ሰኞ ከሰዓት የውይይት ክበብ ነበር። ያ ዓመት የሕፃናት ዓመት ተብሎ ስለነበር የዕለቱ ርዕስ «ሕፃናት የነገዋ ኢትዮጵያ ተስፋዎች» ይላል። ከበበ ስለ ሕፃናት አንብቦ አንብቦ ሲያበቃ «አስተያየት ያለው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አርግዣለሁ። ሁለት ልጆች እዚህ እርሳስ ላይ ቆሜ ወርደውብኛል። ይሄ ሳይወርድ አንሱኝ።»

ከኋላ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ። በስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሶ የማያውቀው ጉደታ ቆሟል።

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ልትል? ፈገግ ልትል?»

«ጓዶች፣ ይሄ የግል ጉዳይ...» አለ ከበበ።

«እናትህ ተዋት ሲሉህ ምን መለስክ?» አልኩት። አንዴ ከጀመርኩ አላቆምም። «ሰምቻለሁ እኮ። ዝም ነው ያልከው።»

«መልስ የሚያስፈልገው ነገር መስሎኝ አያውቅም። አንቺን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

ሰው ሁሉ እየሰማ። ይህን ቤታችን ውስጥ፣ ለእኔ ለብቻዬ ቢለኝ ምን ነበረበት?

«ሁለት ኩባያ የሚበቃሽ መስሎኝ ነበር» አለ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ካልበቃሽ...»

«ያንተን እየጠጣሁ፣ ለአንተ እየጨመሩልህ...»

«የምን ጭማሪ?» አለች አሳየች ከመቀመጫዋ። «የምቀዳው እኔ ነኝ። ለማንም አንድ ኩባያ ነው።»

ዞሬ አየሁት። ያ ሁሉ ዓመት ድስቱ ላይ አጎንብሶ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም። ያድናል ብሎ የሚያምነውን ነገር ለእኔ እየሰጠ።

«አያጥብም እኮ» አልኩት እያለቀስኩ። «ወተት እርሳስ አያጥብም፣ አንተ ሞኝ።»

እታገኝ ተነሳችና የእሷን ተናገረች። አሳየችም ተነሳች። ከበበ በእጁ ያለውን ወረቀት ገልበጥ ገልበጥ አደረገ። ስብሰባውን ለመገላገል ብሎ እኔንና እታገኝን ወደ ማጣጠፊያ አዛወረን። ጉደታ ከድስቱ አንሱኝ ሲል ግን ተተኪ የለም ተባለ። እሱም ፈገግ ብሎ ቱታውን እዚያው ሰቅሎ ወጣ። ሲግናል አንድ አናጢ ጋ ገባ። አሁን ቤት ሲመጣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ነው የሚሸተው።

ሴት ልጅ ወለድኩ። እማማ ጫልቱ ለእርቅም ለእልልታም መጡና ትልቅ ኩባያ ወተት አቀረቡልኝ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወተት አልወድም።»

ጉደታ ከልጃችን ላይ ቀና አለ። «አትወጂም?»

«ሽታውን አልችለውም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ?»

«አንተ ስለሰጠኸኝ ነዋ።»

ኩባያውን ከእናቱ እጅ ተቀበለ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሳይተነፍስ እስከ ታች ጠጣው፤ ከንፈሩ ላይ የቀረችውን እንኳ አልተዋትም።

«ወተትማ ነፍሱ ነው» አሉ እማማ ጫልቱ። «ልጅ ሆኖ ላም ስትታለብ ከእግሬ ስር አይጠፋም ነበር።»

ወደ ጉደታ ዞርኩ።

«ትወደው ነበር?»

ፈገግ አለ።

«አፍ አለህ እኮ፣ ጉደታ። ተናገር።»

«በጣም» አለ።

ተነስቼ ሌላ ኩባያ ቀዳሁለት።