ያልተራቡት ሴሎች

«በእኔ እጅ አንድ ሳህን ሴል ተበላሽቶ አያውቅም፤ ወደፊትም አይበላሽም» አለች ቁንጥጫ፣ የነጭ ጋዋኗን እጅጌ እየሰበሰበች። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። አፏ ስለሚቆነጥጥ የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ እንዲያ ይላታል። ሥራዋ የካንሰር ሴሎችን ማሳደግ ነው፤ ትመግባለች፣ ታጥባለች፣ ሲጣበባቸው ወደ አዲስ ሳህን ታዛውራለች። ሦስት ዓመት ሠርታበታለችና ትንሽ ብትኮራ አይፈረድባትም። ግን ያን ያህል?

የምትፎክረው በተመራማሪው ላይ ነበር። ተመራማሪው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ የሚቆልፍ ልጅ ነው። የመጣ ዕለት በጠባቡ የሴል ክፍል በር ላይ ተጋጩና አንዳቸውም ይቅርታ ሳይሉ ተያይተው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ እሷ ስትቆጣው ትውላለች፤ እሱም እንድትቆጣው ይመጣል። በዚያው ቤተ ሙከራ ዕቃ የምታጥበው አክስቷ ነገሩ ገና ሳይጀመር ገብቷታል።

የልጁ ጥናት እንዲህ ነው። ሴሎችን እጅ ለእጅ የሚያያይዝ ካድሄሪን የሚባል ፕሮቲን አለ። ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት በሴልና በሴል መሃል እንደ አረንጓዴ ክር ያበራል። የእድገት አነቃቂ የተባለው ሌላ ፕሮቲን ሲጨመርባቸው ግን ክሩ ይበጣጠስና የካንሰሩ ሴሎች ተላቅቀው በየፊናቸው ይሄዳሉ። እሱ ሁለት ሳህን ጎን ለጎን ማሳየት ነበረበት፤ አነቃቂው ያልነካቸው ተያይዘው፣ የነካቸው ተለያይተው። ዓርብ ውጤት ካላቀረበ ውሉ አይታደስም፤ ወደ ሌላ ከተማ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ቁንጥጫ ይህን ስትሰማ «ይሂዳ!» አለች፤ ሳህኖቹን ግን ቶሎ ቶሎ ትጎበኝ ጀመር።

ሐሙስ ጠዋት ተመራማሪው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ አየ። ደግሞ አየ። በሁለቱም ሳህን ክሩ ተበጣጥሷል።

«ሳህኖቹን ማን ነካቸው?» አለ ቀስ ብሎ።

ደሟ ፈላ። አነቃቂውን በሁለቱም ላይ የጨመረው እሱ ራሱ ነው አለችው፤ ቁልፉን ከቀዳዳው ማገናኘት ያቃተው ሰው ጠብታ ለይቶ ሊጨምር ነው ወይ አለችው፤ ምን ቆርጦት እሷን እንደሚጠይቅ ጠየቀችው። ጆሮው ቀላ።

«ከራሴ ይልቅ አንቺን ነበር የማምነው» አለና ወጣ።

እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ አክስቷ ጋ ገባች። አክስቷ ብርጭቆ እያለቀለቀች፣ ልጁ አሁን የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ጋ ገብቶ ጥፋቱ የኔ ነው እንዳለ፣ ዕቃውንም ሊሸክፍ እንደሄደ ነገረቻት።

«የራሱ ስለሆነ ነዋ!»

አክስቷ ዞር ብላም አላየቻት። ቁንጥጫ ማስረጃ ላመጣ ብላ ወደ ሴሎቹ ክፍል ተመለሰች። በማሞቂያ ሳጥኑ በር ላይ ካርድ አለ፤ ሴሎቹን የነካ ሁሉ ቀኑንና ያደረገውን ይጽፍበታል። ልጁ ሰኞ ዕለት፣ ሙከራው እስኪያልቅ ሴረም የሚባለውን ከደም የሚወጣ ምግባቸውን እንዳትሰጫቸው፣ እሱ ራሱ የእድገት አነቃቂ አለበት ብሏት ነበር። እሺም ብላዋለች። ካርዱ ላይ ታዲያ በራሷ በቀጫጭን ፊደሏ «ማክሰኞ፣ ሁሉም ሳህን፣ ሴረም» ይላል።

ትዝ አላት። ማክሰኞ ስታያቸው የተራቡ መስለው አሳዘኗት። እጇ በልማዱ ጠርሙሱን አነሳ፤ በልማዱም ጻፈ። ከሥሩ የዛሬ ቀን የተጻፈበት የልጁ ፊርማ አለ፤ ጠዋት አንብቦታል። ማን እንደነካቸው እያወቀ ነበር የጠየቃት።

ኩምሽሽ ማለት ሲገባት ይብስ ተናደደች። ማን ለምኖት ነው የሚሸፍንላት? ምን ቤት ነውና? ካርዱን ገንጥላ፣ ሳታንኳኳ ፕሮፌሰሯ ክፍል ገባችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አጥፊዋ እኔ ነኝ፣ የሚባረር ካለም እኔ ልባረር፣ ብላ አንድ ትንፋሽ ሳትወስድ ለፈለፈች። ፕሮፌሰሯ ካርዱን አነበቡ፤ እሷንም ከመነጽራቸው በላይ አነበቧት። ለልጁ አንድ ሳምንት ጨመሩለት። እሷ ደግሞ እስከዚያ የሱን ሳህኖች በሩቁ እንኳ እንዳታይ አስጠነቀቋት።

ልጁ ጠረጴዛ ጋ ስትደርስ ደብተሮቹን ካርቶን ውስጥ እየደረደረ ነው።

«ካርዱን አይተህ ነበር?»

«አይቼ ነበር።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?»

«አንቺ ተባርረሽ እኔ ብቀርስ፣ ጠዋት ጠዋት ማን ይቆጣኛል?»

እሱ አያት፤ እሷ ሸሚዙን አየች። ከዚያ ተጠግታ፣ እየተነጫነጨች፣ የተዛነፉትን ቁልፎች ካንገቱ ጀምራ አንድ በአንድ ፈትታ ቆለፈችለት። የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇን ያዘው፤ አልነጠቀችውም።

ያ ኩራቷ ግን ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ፕሮፌሰሯን እንዴት እንዳፋጠጠች፣ ሳምንቷን እንዴት ከአፋቸው ፈልቅቃ እንዳመጣችለት ጨማምራ ተረከችለት።

«እኔ ባልኖር ኖሮ» አለች አገጯን ቀና አድርጋ፣ «ምን ይውጥህ ነበር?»

አንድ ደብተር ከካርቶኑ መልሶ አወጣና አሰበ።

«ሥራዬን ዛሬ እጨርስ ነበር።»