እግዚአብሔርን ሽማግሌ የላከ ሰው

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እግዚአብሔር ፉአቲኖን ለኢሳኮ ሚስትነት መምረጡን እሷ የሰማችው መንደሩ ሁሉ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ነው፤ ያውም ከዓሣ ሻጯ አፍ።

እየሮጠች ቤት ስትደርስ ኢሳኮ ከአባቷ ከሌማና ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ነጭ ሽርጥ አገልድሞ፣ ከአሁኑ የመጋቢ ወግ ይዟል። ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ያው የድሮው ዓይን ነበር፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ሰላምታውን ሳትመልስ ጓሮ ወጣች፤ በርጩማው ላይ ተቀምጣም ኮኮናቱን ትፈቀፍቀው ጀመር።

ተከትሏት መጣ።

«ፉአቲኖ፣ ጸልዬ ነው የመጣሁት። ጌታ ሚስትህ እሷ ናት አለኝ።»

«መቼ አለህ?»

«በቀደም፣ ስጸልይ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ስትጸልይ ዝም ብሎህ፣ ምረቃህ ሲደርስ ነው እኔ ትዝ ያልኩት?»

እውነቷን ነው። የመጋቢዎች ትምህርት ቤት ላጤን ለአገልግሎት አይልክም፤ በሳሞአ ሚስት የሌለውን መጋቢ የሚጠራ መንደርም የለም። ስለዚህ ምረቃ በተቃረበ ቁጥር የላጤዎቹ ጆሮ ድንገት ይከፈትና ሁሉም ከሰማይ ድምፅ ይሰማሉ። የሳቫኢ ደሴት ልጃገረዶች ይህን እያወሩ ይሳሳቃሉ። ፉአቲኖም ስቃ ነበር፤ ተራው የእሷ እስኪሆን።

የእሷ ግን ከሌሎቹ ይብሳል፤ ኢሳኮን ትወደው ነበር። ለትምህርት ወደ ሌላዋ ደሴት ወደ ኡፖሉ ሲሻገር ወደቡ ላይ እጇን ይዞ ብዙ ቆሟል፤ አንድ ቃል ግን አልወጣውም። እሷ ዝምታውን እንደ ቃል ኪዳን ቆጥራ ጠበቀችው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ አልላከላትም።

«ሰው አጎቱን ነው ሽማግሌ የሚልከው» አለች፤ እጇ መፈቅፈቁን አላቆመም። «አንተ እግዚአብሔርን ላክህብኝ። አጎትህን ባልፈልግ እምቢ እለው ነበር። እግዚአብሔርን እንዴት አድርጌ ነው እምቢ የምለው?»

«እኔኮ…»

«ዝም በል! እኔም እጸልያለሁ። ስሜንም ቤቴንም ያውቀዋል። ለአንተ ሲነግርህ ወደ እኔ የሚመጣበት መንገድ ጠፋው?»

ፀሐይዋ አዘቀዘቀችና የመንደሩ ዛጎል እንደ መለከት ተነፋ። በዚያ ሰዓት ሰው ሁሉ ከቤቱ ገብቶ ይጸልያል፤ ዛጎሉ ዳግም ሳይነፋ መንገድ ላይ የተገኘም ይቀጣል። ሦስቱም ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

«አባት ሆይ» ብሎ ጀመረ ሌማና። «በዚህ ቤት የመጋቢ ሚስት የመሆን ክብር እደጇ ድረስ መጥቶላት ፊቷን ያጠቆረች ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም። ኮኮናት ስትፈቀፍቅ ጎረቤት ድረስ የተሰማችውን ማለቴ ነው። አንገተ ደንዳና ናት፤ በእናቷ ወጥታ ነው። አንተ ተናግረህ ሳለ እሷ ማን ሆና ነው የምታቅማማው? ልቧን ስበርልኝ…»

ሌማና ልጁን የሚቆጣት በጸሎት ነው። በጸሎት መሃል መልስ የሚሰጥ የለማ!

ተራው የእሷ ሆነ።

«ጌታ ሆይ፣ አባቴ ስሜን ስላልጠራ እኔው ልንገርህ፤ ፉአቲኖ ነኝ። ሕይወቴን የሰጠሁት ለአንተ ነው፤ ለሰው ምረቃ ማሟያ አይደለም። ፈቃድህ ከሆነ ለእኔም ንገረኝ፤ እያለቀስኩም ቢሆን እሄዳለሁ። ይህ ሰው ያላልከውን ብሎ ከሆነ ግን፣ አንተው ጠይቅልኝ። አሜን።»

አሜን ያላት አልነበረም። ተራው የኢሳኮ ነው። ሌማና አንዴ አሳለ፤ ደግሞ አሳለ።

«ጌታ ሆይ» አለ ኢሳኮ በመጨረሻ። «አልነገርከኝም። ጠየቅሁህ፤ ዝም አልከኝ። የምወዳት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ እንዳትለኝ ፈርቼ ስምህን አስቀደምኩ። ይቅር በለኝ።»

ሌማና ዓይኑን ገለጠ። «ውጣ!» አለ።

ዛጎሉ ግን ገና ዳግም አልተነፋም። የተባረረው እንግዳና አባራሪው ተፋጠው፣ ዛጎሉ እስኪነፋ ጠበቁ። ፉአቲኖ በቁጣዋ መሃል ሳቋ መጣ፤ ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሊመለስ ሲል ወደቡ ላይ አገኘችው።

«አሁንም ተናድጃለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ሂድ። ላጤ ነኝ በላቸው። ሚስት የማያስፈልግህ ጊዜም የምትወደኝ ከሆነ፣ ያኔ በገዛ አፍህ ጠይቀኝ።»

ኢሳኮ ላጤ እንደሆነ ተመረቀ። የጠራው መንደር አልነበረም። ነጩን ልብስ አጣጥፎ አስቀመጠና ወደ አባቱ የጎደሬ እርሻ ገባ። ሌማና ስሙ በተነሳ ቁጥር «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል።

ዝናቡ ሲያባራ ኢሳኮ መጣ። እግሩ ጭቃ፣ ትከሻው ላይ አንድ ጆንያ ጎደሬ። እሷ በርጩማዋ ላይ ኮኮናት ትፈቀፍቃለች።

«ዛሬስ እግዚአብሔር ምን አለህ?»

«ምንም። እኔ ግን እወድሻለሁ። አግቢኝ።»

እጇ ቆመ።

«ለእኔ ግን ነግሮኛል» አለች ቀስ ብላ። «ያን ምሽት፣ ‹አልነገርከኝም› ስትለው።»

ኢሳኮ ጆንያውን ወረወረው። «ምን? ይሄን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ዝም አልሽኝ? እኔ ጭቃ ውስጥ እየተንከባለልኩ!»

«ከአንተ ተምሬ ነው» አለችና ተነሳችለት። «በል ተቀመጥና ፈቅፍቅ። አባባ ሲመለስ ደግሞ ትጠይቀዋለህ። ሽማግሌ እንዳትልክ!»