ሮሊ የቆመበት ሣር

«አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ ሮሊ፣ እጁን ወደ ላይ እያወዛወዘ። «እዚህ ናት! ማንም እንዳይረግጣት!»

ማሪት ትንፋሿን ለቀቀች። የአባቷ የጎልፍ ኳስ ከሜዳው ወጥታ ረጅሙ ሣር ውስጥ ከገባች ጀምሮ፣ ተመልካቹን የሚያግደውን ገመድ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ለፍለጋ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ ካለቀ ኳሷ ጠፋች ተብሎ ቅጣት ይመጣል። አሁን ግን ተገኝታለች። አስተናባሪዎቹ «ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ» እያሉ ሰዉን ገፉት።

አባቷ ዴል መጥቶ ጎንበስ ብሎ አያትና አፏጨ። «ጎጆ ሠርታ ተቀምጣለች እኮ።»

«ታወጣታለህ» አለ ሮሊ።

ዴል ጉድጓዱን የሚያመለክተው ባንዲራ ያለበትን ለማየት ፊት ለፊት ያለውን ጉብታ መውጣት ጀመረ። የሰው ዓይን ሁሉ ተከትሎት ወጣ። ከኳሷ ጋር የቀረው ሮሊ ብቻ ነበር፤ የዱላዎቹን ከረጢት ተሸክሞ።

ከማሪት ፊት ቢራ የያዘ ግዙፍ ሰውዬ ቆሞ ስለከለላት፣ ቁጢጥ ብላ በሰዎች እግር መሃል ነበር የምታየው። ለዚህም ነው ሌላው ያላየውን ያየችው። የሮሊ ጫማ ከኳሷ ኋላ አረፈ። ከዚያ ተጫነ። ከዚያ ተረከዙ ወዲያና ወዲህ ዞረ፣ ሰው የሲጋራ ቁራጭ ሲያጠፋ እንደሚያደርገው። እግሩን አነሳና ዙሪያውን ቃኘ፤ አፉ ውስጥ የነበረውን የሱፍ ገለፈት እንትፍ አለና አንዱን ዱላ በፎጣ መወልወል ያዘ።

ዴል ተመልሶ መጣ፣ አንዴ ብቻ ወዘወዘና መታ። ኳሷ ከሣሩ ተፈትልካ ወጥታ፣ ጉብታውን ተሻግራ፣ ከባንዲራው አጠገብ ቆመች። ሕዝቡ በጩኸት ተናወጠ።

«ኧረ ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለ ቢራ የያዘው።

«ሆክስትራ የሚሉት ነው» አለው ጎረቤቱ። «ከሚሺጋን። የሆነ ክለብ ውስጥ ሕፃናት የሚያስተምር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማሪት ዞር ብላ «አባቴ ነው!» ትል ነበር። አሁን ግን የሮሊን ጫማ ነበር የምታየው።

ፒጂኤ የተባለው የጎልፍ ሻምፒዮና ከሌሎቹ ታላላቅ ውድድሮች የሚለይበት ነገር አለ። ስማቸው በዓለም ከሚታወቅ ተጫዋቾች ጎን፣ በየከተማው ጎልፍ እያስተማሩ የሚኖሩ፣ የራሳቸውን ማጣሪያ ያለፉ ጥቂት ሰዎችም ይሰለፋሉ። አርብ ማታ ላይ መስመር ይሰመራል። ከመስመሩ በላይ ያለው ቅዳሜና እሁድን ይጫወታል፤ የቀረው ሻንጣውን ይሸክፋል። ከአስተማሪዎቹ አብዛኞቹ ሻንጣቸውን ይሸክፋሉ። ዴል ከዚህ በፊት ሁለቴ መጥቶ ሁለቴም አርብ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ባለፈው የቀረው በአንድ ምት ነበር። ያን በጋ ስለ ውድድሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ የጋራዡን በር ግን ሁለት ጊዜ ቀለም ቀባው።

ዛሬ አርብ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲያርገፈግፍ ውሎ ታላላቆቹን ሁሉ አተረማምሷቸዋል። ዴል ግን ጸንቶ ቆሟል።

«አየሽ?» አለቻት ማሪት አብራት የመጣችውን ጓደኛዋን ብሪንን፣ ከሰዉ ጋር እየተጋፉ ሲሄዱ።

«አየሁ እንጂ! ቀወጠው እኮ!»

«እሱን አይደለም። ሮሊን ነው። በእግሩ ያደረገውን።»

«ምን አደረገ? እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ።» ብሪን ስልኳን አፍንጫዋ ሥር ደቀነችላት። «ተመልከቺ፣ አባትሽ ልክ መስመሩ ላይ ነው! እንዲህ ከጨረሰ ነገ ይጫወታል። ነገ፣ በቲቪ! ይገባሻል?»

«ከኳሷ ኋላ ያለውን ሣር ረገጠው።»

«ሣር ውስጥ ቆሞ ሣር ካልረገጠ ምን ይርገጥ? በናትሽ አታካብጂ።»

ምናልባት ብሪን ልክ ናት። ምናልባት ሮሊ እግሩ ደንዝዞት ይሆናል፤ ከረጢቱ ከባድ ነው። ግን ያ ተረከዝ። እግሩ የደነዘዘ ሰው ተረከዙን አያዞርም።

ሮሊ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው። ብስክሌት ያስተማራት እሱ፣ ትምህርት ቤት አልቅሳ በመጣች ቀን የርዕሰ መምህሩን አነጋገር እየቀዳ ያሳቃት እሱ ነው። አሁን ግን ሌሎች ነገሮች ሳትጠራቸው ትዝ ይሏት ጀመር። በገና ካርታ ሲጫወቱ ሮሊ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ ሲመሽ መስኮቱ የሌላውን ሰው ካርታ እንደ መስታወት ያሳያል። ትንሽ ልጅ ሳለች ደግሞ ከቤታቸው ኋላ ሲለማመዱ፣ ኳሷ ዛፍ ሥር ስትወሸቅባት በጫማው ጫፍ ገፋ ያደርግላትና ይጠቅሳት ነበር። ያኔ ደግ አጎት ስላላት ደስ ይላት ነበር።

ሕጉን ታውቀዋለች፤ ያደገችበት ነው። ከረጢቱን የሚሸከመው ካዲ የሚያጠፋው ጥፋት የተጫዋቹ ጥፋት ነው። ተጫዋቹ ባያውቅም፣ ባያይም። ለመምታት እንዲመች ከኳስ ኋላ ሣር መደልደል ሁለት ምት ያስጨምራል፤ ምት የበዛበት ደግሞ ወደ ታች ይወርዳል።

ወደ አስራ ሰባተኛው ጉድጓድ የሚወስደው መንገድ ከገመዱ ጋር ተጠግቶ ነው የሚያልፈው። አባቷ ቀድሞ አለፈ፣ ዓይኑ ሩቅ እያየ። ሮሊ ከኋላው ሲመጣ ማሪት ገመዱ ላይ ተንጠለጠለች።

«ሮሊ! እዚያ ሣር ውስጥ ምን ስታደርግ ነበር?»

«ኳስ ስፈልግ፣ አለቃዬ። ዓይኔ እንደ ጭልፊት አይደለም?»

«ካገኘሃት በኋላ ማለቴ ነው። በእግርህ።»

ሮሊ መሄዱን ሳያቆም ከኪሱ ሱፍ ዘገነና ወደ አፉ ጣለ። «እግር አለኝ፣ አዎ። ሁለት ናቸው። ሁለቱም አሟቸዋል።» ፈገግ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚ፣ አባትሽን አሁን እንዳትረብሺው። እሺ? እዚያ ጋ ካሜራ እንኳን አልነበረም።»

ብሎ አለፈ።

ማሪት በቆመችበት ቀረች። ስለ ካሜራ የጠየቀው ማን ነው? እሷ ካሜራ አላለችም። ከዚህ በኋላ ዓይኗ ከአባቷ ይልቅ ሮሊን ነበር የሚከተለው። ሲስቅም፣ ፎጣ ሲያቀብልም፣ የአባቷን ትከሻ መታ ሲያደርግም፣ ሁሉ ነገሩ ማስመሰል መሰላት።

«ስሚኝ» አለች ብሪን፣ አሁን እሷም ገብቷት ስትንሾካሾክ። «ረግጦት ቢሆንስ? አባትሽ አላየም፣ አልላከውም። ሳያውቅ የውጤት ካርዱ ላይ ከፈረመ ውሸታም አይባልም። አንቺ ዝም ካልሽ ነገሩ እዚሁ ያበቃል።»

«እኔስ?»

«አንቺ ምን?»

«አይቻለሁ እኮ» አለች ማሪት።

አስራ ሰባተኛው ያለ ችግር አለፈ። የመጨረሻው፣ አስራ ስምንተኛው ላይ ትልቅ ኩሬ አለ። ደፋር ውሃውን አሻግሮ ይመታል፤ ጠንቃቃ ዳር ዳሩን ይዞራል። ዴል ዞረ። በመጨረሻም ኳሷን ከጉድጓዱ ራቅ ብላ አገኛት፤ ካስገባት መስመሩ ላይ ነው፣ ከሳታት ወደ ቤት። ሕዝቡ ጸጥ አለ። ማሪት ራሷን «ሳታት፣ ሳታት፣ እባክህ ሳታት» ስትል ሰማችና ደነገጠች። ቢስታት እኮ ምንም መናገር አይኖርባትም።

ኳሷ ተንከባለለች፣ ጠርዙ ላይ ያመነታች መሰለች፣ ገባች።

ዴል ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወረወረው። ከጋራዡ በር ጋር የሚታገለውን ዝምተኛ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም። እየሮጠ ወደ ገመዱ መጥቶ በሁለት እጁ አቀፋት። የፀሐይ ቅባትና የላብ ሽታ ይሸታል።

«ነገም እዚህ ነን፣ ልጄ! ነገም እዚህ ነን! ካርዱን ፈርሜ መጣሁ፣ የትም እንዳትሄጂ።»

«አባዬ።»

«ወዬ!»

ሮሊ ከኋላው ደርሶ ነበር። ሱፍ የሚያኝከው አፉ ቀጥ አለ።

ማሪት አባቷን ብቻ እያየች ተናገረች፤ ወደ ሌላ ካየች እንደማትጨርሰው ታውቃለች። «ከመፈረምህ በፊት… አስራ ስድስተኛው ላይ፣ አንተ ጉብታውን ስትወጣ፣ ሮሊ ከኳሷ ኋላ ያለውን ሣር በእግሩ ምን እንዳደረገው ጠይቀው።»

የዴል ፈገግታ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ። «ሮሊ?»

«ተው እንጂ ዴል፣ ልጅቷ በሰው መሃል ሆና…»

«ረግጠሃል ወይስ አልረገጥክም?»

«ሁሉም ያደርገዋል እኮ! እነዚህ ትላልቆቹ ካዲዎች የማያደርጉት መሰለህ? አንተ ደግሞ ይገባሃል፣ ስንት ዓመት…»

«ሮሊ።»

ሮሊ ጫማውን አየ። «ትንሽ» አለ።

ዴል ካርዱን ከኋላ ኪሱ አወጣና ዳኞቹ ወዳሉበት ክፍል ገባ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ሮሊም ከረጢቱን እንዳንጠለጠለ ቀስ እያለ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄደ። ብሪን ማሪትን አንዴ፣ በሩን አንዴ አየችና «ውሃ ላምጣልሽ» ብላ ጠፋች።

በሩ ሳይከፈት ብዙ ቆየ። ከዚያ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ከሆክስትራ ስም አጠገብ ያለው ቁጥር ተለወጠ፤ ስሙም ከመስመሩ በታች ወረደ። አጠገቧ የነበረች ሴት «ውይ፣ ያ አስተማሪ!» አለች፣ ሳንድዊቿን እየገመጠች።

ዴል ሲወጣ ማሪት አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ለምን ቶሎ አልነገርሽኝም?» አለ።

ብዙ ነገር ይላል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ይህን ግን አልጠበቀችም።

«እዚያው ብትነግሪኝ ሁለት ጉድጓድ ነበረኝ። ዕዳ እንዳለብኝ አውቄ እደፍር ነበር። ውሃውን ዞሬ ነው የመጣሁት እኮ ማሪት፤ ያለኝን ላለማጣት ብዬ። ለካ የለኝም።»

«እርግጠኛ አልነበርኩም።»

ዴል ራሱን ነቀነቀ። ነፋሱ የወደቁ ወረቀቶችን ሜዳው ላይ ያንከባልላል። «እኔም ከሮሊ ጋር ስጫወት ስንት ጊዜ እርግጠኛ አልነበርኩም» አለ። «ኳሱ ሁልጊዜ ደህና ቦታ ላይ ነው የሚገኘው። እድለኛ ነው እያልኩ አልፈው ነበር።»

«ተናደድክብኝ?»

«አዎ» አለ። ከዚያ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። «ያልፋል። ተነሺ፣ እንሂድ።»

ብሪንን ውሃ ከሚሸጥበት አንስተው መኪና ማቆሚያው ደረሱ። ሮሊ የዴልን ፒክአፕ ተደግፎ ቆሟል። ዴል ከረጢቱን ከእጁ ተቀብሎ ራሱ ጫነው። ብሪን ከኋላ ገብታ ተቀመጠች።

የማሪት ስልክ ጮኸ። እናቷ ናት፤ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ስለሆነች አልመጣችም።

«ማሪት? ቁጥሩ ምን ሆነ? አልፏል ብዬ ክፍሉን ሙሉ ሳስጨበጭብ ነበር! ኮምፒውተሩ ነው የተሳሳተው?»

ማሪት ቀና ስትል ሮሊ እጁን ዘርግቷል። «ስጪኝ» አለ። «እህቴ ናት። እኔ ልንገራት።»

አላመነችውም። ምን እንደሚል ከአሁኑ ይሰማታል፤ ዳኞቹ ክፉዎች ናቸው፣ ሕጉ የማይረባ ነው፣ ልጅቷ ደግሞ… በሳቅ አዋዝቶ፣ እናቷንም አስቆ። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ራሷ ልትጨርሰው ትችላለች። ወደ አባቷ ዞረች። ዴል የመኪናውን በር ከፍቶ ቆሟል፤ ሰምቷል፣ ግን ዓይኑን ሌላ ቦታ ተክሏል።

«ማሪት? አለሽ?» አለ ስልኩ።

«አለሁ፣ እማዬ። ሮሊ ይነግርሻል።»

ስልኩን ሰጠችው። ሮሊ ጀርባውን አዙሮ «ሄሎ፣ እህት ዓለም!» አለ፣ በዚያ ሁሉንም በሚያስቅበት ድምፁ። ከዚያ ትከሻው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ።

ማሪት ጆሮዋን አቁማ ጠበቀች። ከዚያ፣ እውነቱን ቢነግራትም ባይነግራትም የእሱ ፋንታ ነው ብላ፣ መጠበቋን ተወችው። መኪናውን ዞራ ከብሪን ጎን ገባች፤ በሮሊ በኩል ያለውን መስኮትም እስከ ላይ ዘጋችው።