የሰዓት ሠሪው ጉንጭ

«ጣትህን አፌ ውስጥ ልትከት ነው?» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ቤቱ አልጋው ላይ ሆኖ። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግማሽ ፊቱ ስለማይታዘዘው ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው።

«ካልከተትኩማ ጉንጭዎ አይወጠርም፤ ካልተወጠረ ደግሞ ምላጩ ይቆርጥዎታል» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እጁን ለሁለተኛ ጊዜ በሳሙና እየታጠበ። «ብቻ እንደ ባለፈው ሳምንት እንዳይነክሱኝ።»

የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ፌንጣ የሞቀ ውሃ ሳህን ይዛ አጠገቡ ቆማለች። ፌንጣ የቤት ስሟ ነው፤ አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማትችል አባቷ ነው ያወጣላት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ሳህኑን ሁልጊዜ የምትይዘው የሰዓት ሠሪው እህት ነበረች፤ ዛሬ የሐኪም ቀጠሮ ስላላት የቅዳሜው ጣጣ ለፌንጣ ደረሳት። ይሄን ሰውዬ ዓይኑን እንኳ ማየት አትፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሁለቱ ሰዎች ሱቅ ለዓመታት ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። አባቷ ደግሞ መቀስ ሲያነሳ መዝሙር ካላንጎራጎረ እጁ አይፈታለትም። ሰዓት ሠሪው ጆሮውን ሰዓት ላይ ለጥፎ ምቱን ላዳምጥ ሲል መዝሙሩ ከግድግዳው ወዲያ ይመጣበታል። እግዜር የለም ብሎ ለሚል ሰው ይሄ እጥፍ ንዴት ነው። አንድ ቀን ደሙ ፈላና «ያ ጸሎተኛ ምላጭ አይቀይርም፤ የአንዱን በሽታ ለሌላው ያስተላልፋል» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። ዓይን ያወጣ ውሸት! ወር ሙሉ አንድ ደንበኛ በሱቁ በር ዝር አላለም። እናቷ ተደብቃ ስታለቅስ ፌንጣ ሰምታታለች። ይሄ የሚረሳ ነው እንዴ?

ውሸትን የምትጠላበት የራሷም ምክንያት አላት። ሳቂታ የሚሏት፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብራት የተቀመጠች ጓደኛዋ፣ በሒሳብ ፈተና ኮርጃለች ብላ ለመምህሩ በሐሰት ተናገረችባት። ፌንጣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ብቻዋን እንደገና ተፈተነችና ያንኑ ውጤት አመጣች። እውነቱ ሲወጣ ክፍሉ በሙሉ ሳቂታን ዘጋት። ፌንጣም ሁለት ወር አላናገረቻትም። አልሰደበቻትም፣ አላማቻትም፤ ችላታለች። ሳቂታ ከረቡዕ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ማክሰኞ የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ነው፤ ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች።

አባቷ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ሲፈታ ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። አባቷ አውራ ጣቱን በከንፈሩ ጥግ አስገብቶ የተንጠለጠለውን ጉንጭ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋው። የሰውየው ለሀጭ በመዳፉ ላይ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ። እሱ ግን እጁን አልሰበሰበም። ትንፋሹን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ሕፃን ፊት ቀስ አድርጎ ላጨው።

ፌንጣ ፊቷን ላዙር ብላ አቃታት። አባቷ ሰው ሲላጭ ሺህ ጊዜ አይታዋለች፤ ዛሬ ግን የምታውቀው ሰው አልመሰላትም። ፈራችው ማለት ይቻላል። ሰው ከራሱ በጣም የሚበልጥ ነገር ፊት ሲቆም የሚሰማው ዓይነት ፍርሃት ነው።

የሰዓት ሠሪውን ቤት ደረጃ ሲወርዱ መታገስ አልቻለችም። «አባዬ፣ ሰውዬው ይቅርታ ጠይቆሃል?»

«አልጠየቁኝም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ነው የምትላጨው?»

«‹ዋሽተውብኛል፤ ቤቴን ጎድተውታል› ብዬ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ከዚያ ጢማቸውን ላጨሁ።»

«መቻል ይበቃ ነበር እኮ። እሱ በራሱ፣ አንተ በራስህ» አለች። ሰኞ ተማሪው ሁሉ በተሰለፈበት ስለ መቻቻል ንግግር የምታቀርበው እሷ ነች፤ ሳምንቱን ሙሉ መስታወት ፊት ስትለማመደው ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ይዞታል። «አልነካህም፣ አትነካኝም። ከዚህ በላይ ምን አለ?»

«ጥሩ ንግግር ነው፤ አትቀልጂበት» አለ አባቷ። «መቻቻል ባይኖር ኖሮ ይሄኔ ተፋጅተናል። እኔም ሁለት ዓመት ችያቸዋለሁ። ከታመሙ በኋላም በራቸውን በሰላም አልፌ እሄድ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን እሳቸው ተኝተው ጢማቸው እያደገ ነበር።»

ፌንጣ ሳቋ አመለጣት። አባቷ አልሳቀም።

«ክርስቶስ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ስንት ነበሩ?»

«አሥራ ሁለት።»

«አሳልፎ የሚሰጠውስ እዚያ ነበር?»

ፌንጣ መልሱ አፏ ላይ ነበር። ታሪኩን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ እግሮቹን ግን ቆጥራ አታውቅም። ደረጃው መሃል ቆመች።

«ቀድሞ ወጥቶ አልነበረም?»

«ገና አልወጣም ነበር። የእሱንም እግር ይዞ አጠበው፤ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እያወቀ።»

ፌንጣን ብርድ ብርድ አላት። ያንን እግር፣ በዚያች ምሽት፣ በእጁ ይዞ! ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ? እንዲህ ያለ ፍቅር በዓለም ላይ እንዳለ እያወቀች እንዴት ዝም ብላ ስትበላና ስትጠጣ ኖረች? አባቷ ጥቂት ደረጃ ወርዶ ጠበቃት፤ አላጣደፋትም።

ከታች ሲደርሱ አባቷ ወደ ሱቁ ታጠፈ። «ቅደም፣ እኔ የምደርስበት አለኝ» አለችው። ወዴት ብሎ አልጠየቃትም።

መንገዱን ሙሉ ልመለስ አልመለስ እያለች ሄደች። የሳቂታን በር አንኳኳች። ሳቂታ ከፈተች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ምን ፈለግሽ?»

«ዋሽተሽብኛል። እስከ ዛሬ ያመኛል። ነግሬሽ አላውቅም፤ ልነግርሽ ነው የመጣሁት።»

ሳቂታ አንገቷን ደፋች። «ይቅር በይኝ» አለች። ቀጥላም በሹክሹክታ «ይቅር ትይኛለሽ?»

«እኔ እንጃ። እየሞከርኩ ነው» አለች ፌንጣ። እዚያው ቆማ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሒሳብ ግራ የገባሽ ከየትኛው ምዕራፍ ጀምሮ ነው?»

ሳቂታ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ከመጀመሪያው» አለች።

«ጉድ ነው» አለች ፌንጣ፤ ገብታም ወንበር ሳበች።