ፈርገስ ያላንኳኳው በር

ናዝሬት ፈርገስን ያወቀችው አሜሪካ፣ ሳን ሊያንድሮ ከተማ፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። አክስቱን ሊጠይቅ ከስኮትላንድ የመጣ ረጅም ሰው ነበር። ንግግሩ አልገባ ብሏት ሦስት ጊዜ ካስደገመችው በኋላ፣ «አንተ እንግሊዝኛ የት ነው የተማርከው?» አለችው።

ሳቀና ከኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

«ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«የተሰደብኩበትን ሰዓት።»

በአገሩ ዘጠኝ ዓመት ፖሊስ ሆኖ ስለሠራ፣ ነገር ከነሰዓቱ ካልተጻፈ የሆነ አይመስለውም። ለሁለት ሳምንት የመጣው ሰው ሁለት ወር ቆየ።

አንድ እሑድ፣ ኦክላንድ ካለው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው፣ የአጎቷን የአሳምነውን ነገር አጫወተችው። መሞቱን እናቷና የቤተክርስቲያናቸው ሰዎች ሁለት ወር ደብቀዋታል። ለልደቱ ሹራብ ስትገዛለት እንኳ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ፈርገስ አልሳቀም። በሥራው የስንቱን በር አንኳኩቶ መርዶ ነግሯል።

«የኛ ደንብ በሩ ላይ ቆሞ፣ በዚያው ሰዓት፣ ‹ሞቷል› ማለት ነው። ‹አረፈ› አይባልም። የሰው ሐዘን ደብቆ ማቆየት ስርቆት ነው።»

«አንተ እንኳ እንዲህ እንዳታደርገኝ።»

«ቃሌ ነው» አለና ሰዓቱን ጻፈ።

ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል፣ ፖላንድ ሄዶ ፖሊሶች እንደሚያሠለጥን ነገራት። በሴፕቴምበር መጥቶ ሊያገባት ተስማሙ። ሽማግሌ ከተፈለገ አክስቱን በዊልቸር እንደሚልክ እየቀለደ ተሰናበታት።

እሷም ለነርስነት ቦርድ ፈተና ማጥናት ጀመረች። በየጠዋቱ ቴክስት ያደርግላታል። ከዕለታት አንድ ቀን ቴክስቱ ቆመ።

እናቷ ወይዘሮ ስንታየሁ ልጃቸው አሥር ደቂቃ ካረፈደች ሆስፒታል የሚደውሉ ሴት ናቸው። በዚህ ግን አልደነገጡም። ዓይናቸውን ከሳህኑ ሳያነሱ፣ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ አንቺ ፈተናሽን ያዢ» ይሏታል። ናዝሬት ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረባት።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። «ሌላ አግኝተህ ከሆነ ንገረኝ። ከእንግዲህ ኮል እንዳታደርግልኝ» ብላ ጻፈች። ከመላኳ በፊት ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላቸው። እናቷ «ይሁን» አሉ።

ሐሙስ ሳን ሆዜ ሄዳ ተፈተነች። ቅዳሜ ከማለዳው ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የቤተክርስቲያናቸው ፓስተር ሰርፀ ከፊት፣ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከኋላ ቆመዋል። ናዝሬት ይህን ሰልፍ ታውቀዋለች።

«ተቀመጪ ልጄ» አሏት ፓስተሩ።

«አልቀመጥም። ማነው?»

ወይዘሮ ስንታየሁ እያለቀሱ ተናገሩ። ፈርገስ ፖላንድ አልነበረም። ዩክሬን ወታደር ሆኖ ሲዋጋ፣ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ሲያወጣ በድሮን ተመታ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ሊሄድ ሲል፣ ናዝሬት ሥራ ላይ ሳለች፣ እቤት መጥቶ ለሳቸው ብቻ ነግሯቸው ነበር። አንድ ነገር ቢሆን የሚደወልበት ብሎ ለጦሩ የሰጠውም የሳቸውን ስልክ ነው።

«‹መርዶ ማርዳት ሰልችቶኛል፣ አንድ ሰው እንኳ ባድን› አለኝ። ‹ከሞትኩ ፈተናዋ እስኪያልቅ አትንገሯት፣ ከዚያ በእናንተ ደንብ ይሁን› ብሎ አስማለኝ።»

«ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከነሰዓቱ ጽፎታል።»

«ለአንቺ ብለን ነው፣ ልጄ። ፈተናውን ብትወድቂስ ብዬ…»

«እማዬ፣ ከሞተ ሰው ጋር ስጣላ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ።»

ሴቶቹ ለቅሶ ሊጀምሩ ሲሉ እጇን አነሣች።

«ቆዩ። እማዬ፣ ተነሺ። በሱ ደንብ፣ ቆመሽ ንገሪኝ።»

ወይዘሮ ስንታየሁ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

«ፈርገስ… ከኛ ተለ…»

«እንደዚያ አይደለም።»

እናትየው «ሞቷል» አሉ።

ናዝሬት ሰዓቱን አየች። ስድስት ከሩብ ይላል። ጠረጴዛው ላይ ከቀረው የፈተና ደብተሯ ባዶ ገጽ ፈልጋ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ነው የተቀመጠችው።