ሻካራ መሆን የነበረበት ፊት

ይህ ነገር የደረሰው በራሴ ላይ ነው። ከሰው ሰምቼ አይደለም። ያላመነኝ መጥቶ ወንበሩን በእጁ ይንካው።

ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ፀሐይ ግቢውን ሞልታዋለች፣ የጎረቤት ሬዲዮ ይጮኻል፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እንዲህ ያለ ነገር በጠራራ ፀሐይ ይመጣል ብሎ ማን ይጠብቃል?

ሥራዬ ፋይበር ነው። ዳሽቦርድ፣ የበር ሽፋን፣ የስፒከር ቤት... መኪና ውስጥ የሚገባውን ሁሉ ባለቤቱ እንደወደደው አድርጌ ቤቴ እቀርጻለሁ። ቤቴ ስል ከወንድሜ ቤት ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍልና ከደጃፏ ያለችውን የቆርቆሮ ጥላ ማለቴ ነው።

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። ያሳደገኝ እሱ ነው። ሚኒባስ ይነዳ ነበር።

ከዓመታት በፊት ከመኪናው ሥር ገብቶ ሲሠራ ክሪኩ ሸርተት አለና ግራ ትከሻውን ሰበረው። ከዚያ ወዲህ ግራ ትከሻው ከቀኙ ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ቀረ። ጀርባውም አልዳነም። ቀኑን መሪ ይዞ ውሎ ማታ ከመኪናው የሚወርደው በሩን ተደግፎ ነበር። በተቀመጠ ቁጥር ደግሞ አንድ ድምፅ ያወጣል።

«እህህህ... ተመስገን።»

አንድ ቀን ጥላዬ ሥር መጥቶ ቆመ።

«ስማ እንጂ፣ ለሰው መኪና ስትጠበብ ትውላለህ። ለእኔም ይህን ጀርባ የሚይዝ ወንበር ሥራልኝ።»

«ነገ እጀምረዋለሁ፣ ጋሼ።»

በነጋታው የአንድ ደንበኛ የበር ሽፋን መጣ። ከእሱ ቀጥሎ የሌላ ሰው ዳሽቦርድ። ከዚያ ሌላ... ከዚያ ሌላ...

አሥራ አንድ ወር።

ስም አወጣልኝ። «አቶ ነገ» አለኝ። ተሳፋሪ ሞልቶ እንኳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አቶ ነገ፣ እንደምን አደሩልን?» ይለኝ ነበር። ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

እሱ ትራስ በገመድ ወንበሩ ላይ አስሮ ይነዳ ነበር።

አንድ ጠዋት ኩርባ ላይ ገመዱ ተፈታ። ትራሱን ያገኙት ከፍሬኑ ሥር ነው።

ሚስቱን እትዬ ነው የምላት። ከቀብሩ በኋላ፣ የመጣው ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ወንበሩን ለምን ሳትሠራለት ቀረህ?»

«እሱ ራሱ ነው ይቆይ ያለኝ፣ እትዬ። ሥራ በዝቶብሃል፣ ይቆይ አለኝ።»

ውሸቴን ነው። አንድ ቀን እንኳ ይቆይ ብሎኝ አያውቅም።

አተኩራ አየችኝ። ያመነችኝ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያ ግቢ የኖርኩት በዚያች ውሸት ነው። ብታውቅ በዚያ በር እንደማታስገባኝ አልጠራጠርም ነበር። ከእሷና ከሁለቱ ሴቶች ልጆቿ ሌላ ደግሞ ዘመድ የምለው የለኝም።

አምስት ወር አለፈ። ሚኒባሱ ተጠገነ። የቤቱ እንጀራ እሱ ስለሆነ ከሰኞ ጀምሮ እኔ እንድነዳው ተነጋገርን። የሹፌሩ ወንበር ግን የሚጠገን አልነበረም።

«እኔ እሠራዋለሁ» አልኳት።

«ስንት ቀን ይፈጅብሃል?»

«ሁለት ቀን።»

«ሁለት ቀን...» አለች። ወደ ቤት ስትገባ በሩን ሳትዘጋው ቆማ ቆየች።

ዓርብ ፎሙን አዘጋጀሁ። ሁለት ፈሳሽ ትቀላቅላለህ፣ ትልቅ ፌስታል ውስጥ ትጨምረዋለህ፣ የወንበሩ ብረት ላይ ታጋድመውና ትቀመጥበታለህ። ፎሙ ያብጣል፣ ጀርባህን ይገፋሃል፣ ከዚያ የጀርባህን ቅርጽ እንደያዘ ይደርቃል።

ስነሣ ዞሬ አየሁት።

ግራ ትከሻው ዝቅ ብሏል።

ጠምሜ ተቀምጬ ነው አልኩ። ቢሆንም ለካሁት... ሦስት ጣት።

ሜትሩን ኪሴ ከተትኩ። ሥራዬን ቀጠልኩ።

ቅዳሜ እትዬ የወንበሩን ጨርቅ ልትገዛ ወጣች። ልጆቹ አክስታቸው ጋ ነበሩ። የግቢውን በር ከውስጥ ቀረቀርኩ። ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ ሙጫ ማጠጣት ከጀመርክ በኋላ ሰው ቢያቋርጥህ ሥራው ያበቃለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፋይበር ማለት ተደራርቦ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ የመስታወት ክር ነው። ቅርጹ ላይ ታነጥፈዋለህ፣ ሬዚን በብሩሽ ታጠጣዋለህ። ማድረቂያ ስለተጨመረበት በሃያ ደቂቃ ድንጋይ ይሆናል። ሲደርቅ በራሱ ይሞቃል፣ ሰዓት ሳይሞላ ይበርዳል። ታዲያ የሚለሰልሰው አንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ ቅርጹን የነካው ፊት። አየር ላይ የደረቀው ፊት ሻካራ ነው። እንደ ጃርት ይወጋል። በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍገው ትውላለህ። አሥራ አራት ዓመት ስሠራ አንድም ጊዜ ሌላ ሆኖ አላየሁም።

ፎሙን በፕላስተር ሸፈንኩ፣ ሰም ቀባሁ፣ ፋይበሩን አነጠፍኩ። አራተኛውን ድርብ አጠጥቼ ብሩሹን ሳስቀምጥ በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ናት። ሄጄ ከፈትኩላት። ጨርቁን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ...

«እህህህ...»

ከጥላው ሥር ነው የመጣው።

ሁለታችንም ባለንበት ቀረን።

«ማን አለ?» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«ከውስጥ ቀርቅረህ አልነበር?»

«ቀርቅሬ ነበር።»

«ታዲያ...»

የወንበሩ ብረት ሲጢጥ አለ። ሰው ተቀምጦ ሲመቻች እንደሚለው።

ክንዴን ያዘችኝ። ጥፍሯ ገባ። የጎረቤት ሬዲዮ ዘፈኑን ቀጥሏል። ከበሩ እስከ ጥላው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው፤ መሃል ላይ የተሰጣው አንሶላ ይጋርደዋል። እንሂድ ያለ የለም። እንውጣ ያለም የለም። እንዲሁ ቆምን።

ዘፈኖቹ አለቁ፣ ዜና ጀመረ። ያኔ ብረቱ እንደገና ሲጢጥ አለ... ረዘም አድርጎ።

አንድ ሰው ተነሣ።

አንሶላውን ገልጬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ጥላው ሥር ማንም አልነበረም። የግቢው ግንብ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠርሙስ ተተክሎበታል።

ሬዚኑ ደርቋል።

ጃርት መሆን የነበረበት ፊት ግን ተደምስሷል። ሳይደርቅ ሰው ተደግፎበት የተነሣ ይመስል ሰፊ ጀርባ ታትሞበታል። ጠጋ ብዬ አየሁት። ቀጫጭን መስመሮች አሉት። የሹራብ መስመር...

እትዬ ከኋላዬ መጣች። መዳፏን ወገቡ ላይ አሳረፈች። ወደ ላይ አስኬደችው። ቀስ ብላ... ዓይነ ስውር ፊት እንደሚዳስሰው። ግራ ትከሻው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

እዚያ ቦታ ላይ እንደ ጠባሳ ያበጠ መስመር አለ።

«የእኔ ስህተት ነው» አለች።

የጋሼ ሹራብ ነው፤ የሠራችለት በእጇ ነው። ትከሻው ላይ ስትደርስ ቆጠራ ተሳስታ ክሩ ተቆልሎባት ነበር። ፈትቼ ልሥራው ስትለው፣ «ተይው፣ የዘመመውን ትከሻዬን ደግፎልኛል» አላት። ገመዱ የተፈታበት ጠዋት ለብሶት ወጥቶ ነበር። ከሆስፒታል በፌስታል አድርገው መለሱላት። ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። የሳጥኑ ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም።

ወደ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ቁልፉን ከአንገቷ አወጣች፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ አዞረችው።

ክዳኑ ሲነሣ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ሬዚን።

ሹራቡ እንዳጠፈችው አልነበረም። ልብሶቿ መሃል ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሰው የለበትም፣ ግን ተቀምጧል። ጀርባው ደርቆ ጣውላ ሆኗል፤ የመስታወት ክር ከነጭራሮው ተጣብቆበታል።

አልጮኸችም። ዞራ እኔን አየችኝ።

«ይቆይ ብሎኛል ነው ያልከኝ?»

«አላለም።»

«አላለም» አለች። «አውቃለሁ። በየማታው እዚህ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ‹ይኼ ልጅ ዛሬ ጀምሮልኝ ይሆን?› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ጀምሮልሃል መሰለኝ እለው ነበር። ቅር ሳይለው እንዲያድር ብዬ።»

ያን ሁሉ ወር እያወቀች እህሌን አቅርባልኛለች።

«እሰብረዋለሁ፣ እትዬ። ሌላ እሠራለሁ።»

«መቼ? ነገ?»

የሳጥኑን ክዳን መለሰችው።

«አትሰብረውም። ሰኞ ትቀመጥበታለህ።»

ይኸው አራት ወር ሆነኝ። ጨርቁን አላለበስኩትም፤ አልፈቀደችም። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባዬን አላስደግፍም ብዬ ታገልኩ። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ሳይደገፍ አይችልም። አሁን ልክ ሆኖኛል። የጋሼ የድሮ ተሳፋሪዎች፣ «ከኋላ ስትታይ ቁርጥ ወንድምህን!» ይሉኛል። ደግነታቸው ነው። ያለፈው ሳምንት ቤት ገብቼ ሸሚዜን አወለቅሁና መስታወት ፊት ግራ ትከሻዬን በሜትር ለካሁ።

ሁለት ጣት ደርሷል።

ሥራ የምጀምረው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ሚኒባሱ ተቆልፎ ነው የሚያድረው። መስታወቱ ጤዛ ለብሷል፣ መሪው ብርድ ነው፣ የተሳፋሪው ወንበር ሁሉ ብርድ ነው። የእኔን በመዳፌ እነካዋለሁ።

ይሞቃል።

ሌላ ምርጫ የለኝም፣ እቀመጣለሁ። ስቀመጥ ጀርባዬን ያመኛል፣ ከአፌም ሳላስበው ያ ድምፅ ይወጣል።

«እህህህ...»

«ተመስገን» ብሎ የሚጨርሰው ግን እኔ አይደለሁም።